የአውሮፕላን መካኒክ ቅጽ

ከሱዳን እስራኤል በመጣሁ በዓመቱ ፔታ ቲክቫ ከተማ ውስጥ የሙያ ትምህርት ቤት አስገቡኝ። ስድስት ወር ብሎን ስፈታና ሳጠብቅ ከረምኩ። ከዚያ መምህራችን ዮራም ጠራኝና፣ «ታረቀ፣ እጅህ ጥሩ ነው። ወይ የአውሮፕላን መካኒክ ሁን፣ ወይ የናፍጣ ሞተር። እስከ ነገ ምረጥ» አለኝ።

ምርጫ አሉት! ከካርቱም ስንነሳ ሰው ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ ሲጸልይ፣ እኔ ሞተሩን ነበር የማዳምጠው። «አውሮፕላን!» አልኩት ወዲያው። አራት ገጽ ቅጽ አወጣልኝ። የጸጥታ ጉዳይ ነው፤ ለናፍጣ አያስፈልግም፣ ለአውሮፕላን ግን ግዴታ ነው። ሦስተኛው ገጽ «ውጭ አገር የቀረ የቅርብ ዘመድ፣ ስምና አድራሻ» ይላል። ቅጹን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴን ሱዳን ቀበርኩ። እናቴ አምሳለች ግን ጉልበቷ እምቢ ብሏት ጎንደር ቀርታለች። መንገድ ላይ የመከሩን አንድ ነገር ነው፤ የዘመድ ስም አትስጡ፣ ስም የሰጠ ዘመዱን ያሳስራል። እኔ ሞኙ እዚህ ስገባ መዝጋቢዋ «እናትህስ?» ብትለኝ «ሞታለች» አልኳት። ወረቀቱ ደርግ እጅ ይገባል ብዬ! በቁሟ ያለች እናቴን በገዛ አፌ ገደልኳት።

አሁን እውነቱን ብጽፍ፣ ዋሽተሃል ብለው ቢያባርሩኝስ? ወረቀቱ ዞሮ ዞሮ ቀበሌ ደርሶ ቢያስሯትስ? «የለም» ብዬ ብፈርም ደግሞ ዳግመኛ ልቀብራት ነው።

በዚያው ማታ የአባቴ ወንድም አያ ጌታው ዘንድ፣ ማሃኔ የሁዳ ሰፈር ሄድኩ።

«ናፍጣ ተማርና ተገላገል» አሉኝ። «የጭነት መኪና የእናትህን ስም አይጠይቅህም።»

«እርስዎስ ቢሆኑ፣ አያ?»

«እኔማ እዚያ የቀረችውን ሚስቴንም አላስመዘገብኩ» አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

ኧረ ጉድ! ለካ ሁላችንም አፋችንን ይዘን ተቀምጠናል! ታዲያ እዚያ የቀሩትን የሚያመጣ ሰው መኖራቸውን በምን ይወቅ? ተናድጄ ወጣሁ፤ በእሳቸው ይሁን በራሴ፣ እንጃ።

በማግስቱ ዮራም ፊት ጻፍኩት፤ አምሳለች ብሩ፣ ጎንደር። ዮራም አነበበና ፋይሌን ገለጠ።

«እዚህ ሞታለች ይላል።»

«ዋሽቼ ነው። ፈርቼ።»

«እስኪጣራ አውሮፕላን የለም። ወራት ይፈጃል፤ ላይሆንም ይችላል። እስከዚያ ናፍጣ ትገባለህ።»

«በሰደር፣ እሺ» አልኩ።

«ስሟን ደግሞ ከኢትዮጵያ ዘመድ ለሚያመጡት ሰዎች እልካለሁ» አለና ብዕሩን አነሳ። «በሕይወት መኖሯን ለመጨረሻ ጊዜ ያወቅኸው መቼ ነው?»

«ከጎንደር የወጣን ቀን። ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው።»

ቀና ብሎ አየኝ። የዚያን ጊዜ ነው የገባኝ። ያ ውሸቴ እስካሁን እውነት ሆኖ ይሆን?