ትንፋሽ የሚወሰድበት ቦታ

ልጅቷን ጥድፊያ ያለቻት አያቷ ናት። አፏን ከፈታችበት ጊዜ ጀምሮ ቃል ከቃል እያላተመች፣ የጀመረችውን ሳትጨርስ ሌላ እየጀመረች፣ ሰው እስኪስቅባት ድረስ ነበር የምታወራው። «ቀስ በይ የኔ እናት፣ ማንም አያባርርሽም» ትላታለች አያቷ። ወይ ቀስ! እናቷ ገና በጨቅላነቷ ስለሞተችባት ለአያቲቱ ያለቻት እሷው ብቻ ናት። ደመና ባየች ቁጥር መስኮት ትዘጋለች፤ ልጅቷ ካስነጠሰች እንቅልፍ የለም፤ ከሥራ ትንሽ ከዘገየች ደግሞ አያቲቱ ነጠላ ጫማዋን እንኳ አስተካክላ ሳታጠልቅ ደረጃው አፍ ላይ ናት።

አያቲቱ ልብስ ሰፊ ናት። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምራለች። በዚያ ዘመን እንግሊዝኛ ያስተማሯት መምህርት ኮማ ላይ ጠረጴዛውን አንዴ፣ ሴሚኮለን ላይ ሁለቴ በማስመሪያ መታ እያደረጉ ነበር ክፍሉን የሚያስነብቡት። ከቋንቋው አብዛኛው ጠፍቶባታል፤ ምቱ ግን አልጠፋባትም። ጥድፊያ ማንበብ ስትጀምር ያንኑ አስተማረቻት። ልጅቷ ጮክ ብላ ታነባለች፤ አያቲቱ ከስፌቷ ቀና ሳትል፣ ትንፋሽ ስትወስድ በሰማች ቁጥር፣ መርፌ እንዳይወጋት ጣቷ ላይ በምታጠልቃት የብረት ቆብ ጠረጴዛውን ጠቅ ታደርጋለች። ልጅቷ ራሷ ስትጽፍም እንደዚያው ነው። የጻፈችውን ታነበንበዋለች፤ ጠቅ ሲል ኮማ ታደርጋለች፤ ረዘም አድርጋ አርፋ ጠቅ ጠቅ ሲል ሴሚኮለን። ሁለቱ ብቻ የሚያውቁት አሠራር ሆነ። ልጅቷ አድጋ፣ ታች ጽሕፈት ቤት ውስጥ የሰው ማመልከቻ እየተየበች ደሞዝ መቀበል ከጀመረች በኋላም አልተዉትም።

አሁን ነገሩ ጨዋታ አይደለም። የትርጉም ማሰልጠኛው ሰው የሚቀበለው በዓመት አንዴ በፈተና ነው፤ የፈተናው ግማሽ ደግሞ የእንግሊዝኛ ጽሕፈት ነው። ጥድፊያ ባለፈው ዓመት ወድቃለች። ቃሉን ታውቀዋለች፣ ግሱን ታውቀዋለች፤ የጣላት ሥርዓተ ነጥብ ነው። ዘንድሮ ካላለፈች ዕድሜዋ የመቀበያውን ወሰን ያልፋል። ስለዚህ ፊት ለፊት ያሉት ጡረተኛ የእንግሊዝኛ መምህር ከሥራ ስትመለስ እየመጡ እንዲያስጠኗት አያቲቱ ሄዳ ለመነቻቸው። ሰውዬው ኮታቸው ኪስ ላይ ቀይ እስክሪብቶ ሰክተው ስለሚዞሩ ጥድፊያ በሌሉበት ጋሽ ቀዩ ትላቸዋለች።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ አንድ ቀን፣ ወረቀቷን ወደ መስኮቱ ዘንበል አድርገው። «ጽሑፍ ነው ወይስ ዝንብ የተራመደበት?»

«ኮማ ነዋ ጋሼ።»

«ኮማ መሆኑንማ አየሁ። ድልድይ ጠባቂው፣ ኮማ። በየምሽቱ፣ ኮማ። የብረት በሩን፣ ኮማ። ኧረ ልጄ፣ ሰውዬው በሩን ሳይዘጋ ሊነጋበት ነው!»

ጥድፊያ ሳቀች። ሳቋ መሀል ላይ ቆረጥ ብሎ እንደገና ቀጠለ።

«ባለቤትና ግስ የተጋቡ ናቸው» አሉ መምህሩ። «መሀላቸው ኮማ እየሰነቀርሽ አታፋቻቸው። እዚህ ደግሞ ተመልከቺ። ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፤ እያንዳንዱ በእግሩ መቆም ይችላል። እንዲህ ያሉትን ኮማ ብቻውን አይሸከማቸውም። ወይ ማያያዣ ቃል ስጪው፣ ወይ ሴሚኮለን አድርጊ።»

«እቴቴ ግን ትንፋሽ የተወሰደበት ቦታ ነው ብላኛለች።»

«እትዬ! የዚህ ሁሉ ጠንቅ እርስዎ ነዎት እንዴ?»

«እኛ እንደዚያ ነው የተማርነው መምህር» አለች አያቲቱ፣ አፍራ።

«ጮክ ብሎ ለማንበብ ይሁን። ለጽሕፈት ግን ትንፋሽ አይታመንም። አንዱ ደረተ ሰፊ ነው፣ አንዱ በሽተኛ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ ግን ለሁለቱም አንድ ነው።»

ሰውዬው ለጨዋታ ያሉት ነው። አያቲቱ እጅ ላይ ግን መርፌው ቆመ።

ነጥቡን ተማሪው እንዲሞላበት የሚሰጠውን ያንን የድልድይ ጠባቂ መልመጃ ታውቀዋለች። ትርጉሙን ሳይሆን ዜማውን። ጥድፊያ ባለፈው ዓመትም ለፈተና ይህንኑ ስታጠና ነበር፤ ያን ጊዜ ረጅሙን ዓረፍተ ነገር ከዳር እስከ ዳር በአንድ ትንፋሽ ትወጣውና፣ «አየሽ እቴቴ? አንዴም አልመታሽም!» ትላት ነበር። ዘንድሮ ይህችው ጣቷ ስንቴ ጠረጴዛውን እንደመታች አስታወሰች። ጣቷ ታውቅ ነበር፤ የዘገየው ጭንቅላቷ ነው።

በማግስቱ ልጅቷ ከሥራ ስትመጣ ደረጃው ላይ ጠበቀቻት። የልጅቷ ኮቴ ከታች ተሰማ፣ ወጣ ወጣ አለ፣ ከዚያ ጠፋ። አያቲቱ በደረጃው መደገፊያ ላይ ጎንበስ ብላ አየች። ጥድፊያ አንድ እጇን ግድግዳው ላይ አድርጋ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች።

«ምን ሆንሽ?»

«እ? ምንም... ጫማዬን... ላስር ብዬ ነው።»

አያቲቱ ጫማዋን አየች። ማሰሪያ የሌለው ሽፍን ጫማ ነው።

እናቷም እንዲሁ ነበረች። ደረጃ መሀል ትቆምና፣ ቁልፍ የረሳሁ መሰለኝ እያለች ቦርሳዋን ትበረብራለች። ቁልፉ ሁልጊዜ እጇ ላይ ነበር።

ማታ ልጅቷን ፊት ለፊቷ አስቀምጣ፣ «ሐኪም ቤት እንሄዳለን» አለቻት።

«ከፈተናው በኋላ።»

«ነገ።»

«እቴቴ ሙች፣ ነገ ከሄድኩ ያስተኙኛል! አውቀዋለሁ እኮ። እግሬ ያብጣል፣ ተጋድሜ መተኛት አልችልም፣ ሁሉንም አውቀዋለሁ። ፈተናውን ልጨርስ፣ ከዚያ የፈለግሽበት ውሰጅኝ።»

ይህን ሁሉ ለመናገር ስንት ጊዜ እንዳረፈች ሁለቱም ሰሙ። ጥድፊያ አንገቷን ደፋች።

አያቲቱ ልትሸነፍላት ደረሰች። እሺ ልበላት? ጥቂት ቀን ምን አላት? ብላ አሰበች፤ ከዚያ የቁልፉ ነገር መጣባት። በማግስቱ መምህሩን ጠርታ፣ አንድ በዚህ አንድ በዚያ ይዘው፣ እየጎተቱ በሚባል ሁኔታ ወሰዷት።

የልቧ በር ጠቧል ተባለ። በልጅነቷ ጉሮሮዋን እየደጋገመ ሲያማት የነበረው ነገር ነው ልቧ ላይ የወጣው። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ደረጃ እየዘለለ የሚወጣ፣ ኮሪደሩን በሁለት እርምጃ የሚጨርስ፣ ኳስ ሜዳ ቢያዩት የማይገርም። ለአያቲቱ ሳይቸኩል፣ ጎንበስ ብሎ አስረዳት። ቀዶ ጥገና ያስፈልጋታል። ዘግይታለች፤ ቢሆንም ተስፋ አለ። እስከዚያ ግን ከአልጋ መውረድ የለም።

ፈተናው ሐኪም ቤት ተኝታ ሳለች አለፈ። የዚያን ቀን ጥድፊያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ዋለች።

«አንቺ ነሽ ያስቀረሽኝ» አለች ድንገት። «አንቺና... ያ ጣትሽ።»

አያቲቱ ብርድ ልብሱን እግሯ ሥር አጣጠፈችላት፤ ፈታችው፤ እንደገና አጣጠፈችው። ኮሪደር ወጥታ አለቀሰችና ፊቷን ታጥባ ተመለሰች።

መምህሩ ግን መምጣት አልተዉም። ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አልጋው አጠገብ ይቀመጣሉ። «ፈተናው ቢያልፍ ኮማው የት ይሄዳል?» አሏት በመጀመሪያው ቀን። በሌላው ቀን ቀይ እስክሪብቷቸውን ሆን ብለው አልጋው ላይ ረስተው ሄዱ። ሲመለሱ ልጅቷ ይዛዋለች። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሠሩ። አሁን ጮክ ብሎ መነበብ የለም፤ ሐኪሙም አትድከሚ ብሏታል። በዓይኗ ብቻ ታያለች። ባለቤቱ ማነው፣ ግሱ የት ነው፣ ይሄኛው በእግሩ ይቆማል አይቆምም። አያቲቱ ጥግ ላይ ተቀምጣ የሰው ቀሚስ ጠርዝ ትሰፋለች፤ የብረት ቆቧ ጣቷ ላይ ሥራ ፈታለች።

ቀዶ ጥገናው ሊደረግ አንድ ቀን ሲቀረው ጥድፊያ ስለ ድልድይ ጠባቂው የራሷን ጽሑፍ ጻፈች። መምህሩ አነበቡት። መልሰው አነበቡት። እስክሪብቷቸውን ከፍተው መልሰው ከደኑት።

«ምን ቀረኝ ጋሼ?»

«ምንም» አሉ። «ኮማው ኮማ ነው፣ ሴሚኮለኑ ሴሚኮለን ነው። እኔን ሥራ አሳጣሽኝ።»

ወረቀቱን ለአያቲቱ አቀበሏትና መነጽራቸውን እየጠረጉ ወጡ። አያቲቱ ወደ ብርሃኑ ይዛ አየችው። ንጹሕ ነው። አንዱ ምልክት ከሌላው ራቅ ራቅ ብሏል፤ መስመሮቹ ሳይቆራረጡ ይሄዳሉ። የጤነኛ ሰው ጽሑፍ ነው። ያን ጊዜ ነው ከምንም በላይ የፈራችው። ድሮ የልጅቷ ትንፋሽ ወረቀቱ ላይ ይታያት ነበር፤ አሁን ወረቀቱ ልክ ሆነና ልጅቷ ከሥሩ ተሰወረችባት።

«እንዴት ነሽ የኔ እናት? እውነቱን ንገሪኝ።»

«ደህና ነኝ።»

ሁለት አጭር ቃል ነው፤ ለማንም ትንፋሽ ይበቃል። አያቲቱ ወረቀቱን አጠፈችው። ጥድፊያ እጇን ዘረጋች።

«አምጪው እስኪ። ላንብብልሽ።»

«አትድከሚ ተብለሻል።»

«ትንሽ ነው። አንቺ ደግሞ... ምቺልኝ።»

«ልክ ነው ብለዋል እኮ። መምቻ የለውም።»

«የእሳቸውን... አይደለም ያልኩሽ። የኔን።»

አያቲቱ ወንበሯን ወደ አልጋው ብረት አስጠጋች። ጥድፊያ ማንበብ ጀመረች። ጠቅ። ሁለት ቃል፣ ጠቅ። አንድ ቃል፣ ጠቅ። አያቲቱ ልታቆም ፈልጋ ነበር፤ ልጅቷ ግን በዓይኗ ቀጥይ አለቻት። ወረቀቱ ላይ ኮማ በሌለበት፣ ባለቤትና ግስ በተጋቡበት፣ ቃል መሀል ሳይቀር ጠቅ እያለ ብረቱ ተንኳኳ። ልጅቷ ለማንም ያልተናገረችውን እየነገረቻት ነው። አያቲቱም እየሰማቻት ነው። ጎረቤት አልጋ ላይ ያሉት ሴትዮ ቀና ብለው፣ «ምንድን ነው ይሄ? ሚስማር ነው የምትመቱት?» አሉ።

«ጥናት ነው... እማማ» አለች ጥድፊያና ሳቀች። አያቷንም አሳቀቻት። ከዚያ ጭንቅላቷን ትራሱ ላይ ጣል አድርጋ፣ «ስለ ጣትሽ ያልኩሽን... እርሺው» አለች።

በማግስቱ ጠዋት ወሰዷት። አያቲቱና መምህሩ ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሰውዬው እንደ ልማዳቸው ስህተቱን በቀይ ሊያርሙ ያመጡትን ጋዜጣ እንደያዙት ቀሩ። አያቲቱ የብረት ቆቧን ከኪሷ አውጥታ ታጠልቃለች፣ ታወልቃለች። ፀሐዩ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ተዛወረ። አንዲት የፅዳት ሠራተኛ እግራቸውን እንዲያነሱ ጠየቀቻቸው፤ አነሱ፤ ወለሉ እስኪደርቅ ድረስ ማውረዱን ረሱት።

በሩ ተከፈተና ወጣቱ ሐኪም ብቅ አለ። አረንጓዴ ኮፍያውን በእጁ ጨምድዶታል። ያ ኮሪደሩን በሁለት እርምጃ የሚጨርስ ልጅ ቀስ ብሎ መጣ። አያቲቱ ፊት ሲደርስ ቁጢጥ አለ።

«እማማ» አለ።

ትንፋሽ ወሰደ።

አያቲቱ የቀረውን እስኪናገር አልጠበቀችም። እጇን አንስታ አፉ ላይ አደረገችበት፤ ብረቷ ከንፈሩን እንዳትጎዳው ጣቷን ለየት አድርጋ።