ገጹ ለሁለተኛ ጊዜ ሲከፈት

እዚህ መሥሪያ ቤት ያስገባኝ አጎቴ ነው። የአውቶቡስ ትኬት የምንሸጥበትን ድረ ገጽ ከባዶ ተነስቶ ጃቫ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የጻፈውም እሱ ነው፤ ገጾቹን የሠራው ጄኤስፒ በሚባለው በድሮው መንገድ ነው። እኔ ደግሞ ታይምሊፍ በሚባለው በአዲሱ እንሥራው ባይ ነኝ። ዛሬ ጠዋት አለቃችን ሁለታችን የሠራናቸውን ገጾች አይቶ ሊወስን ነበር። የተመረጠለት አዲሱን ሥራ ይመራል፣ ሌላው ወደ ጥገና ክፍል ይወርዳል። ጥገና ክፍል ማለት መስኮት የሌላት፣ የተበላሸ ፕሪንተር የሚከመርባት ጉድጓድ ናት። እኔ ደግሞ እዚያ መግባትን ከሞት ለይቼ አላየውም።

ስለዚህ ተንኮል ሠራሁ። የጄኤስፒ ገጽ መጀመሪያ ሲከፈት ድረ ገጹን የሚያሠራው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ ወደ ጃቫ እስኪለውጠው ድረስ ይንቀራፈፋል፤ አንዴ ከለወጠው በኋላ ግን ይፈጥናል። ይህን ያስተማረኝ ራሱ አጎቴ ነው። ስብሰባው ሊጀመር ሲል ሰርቨሩ ለውጦ ያስቀመጣቸውን የሱን ገጾች አጠፋሁ፤ የኔን ደግሞ ደጋግሜ ከፍቼ አሰናዳሁ።

መጀመሪያ የኔን ከፈትኩ፤ ብልጭ አለ። ቀጥሎ የሱን ነካሁ። ስክሪኑ ነጭ ሆኖ ቀረ።

"ኧረ አውቶቡሱ እንዳያመልጠን!" አለች የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እኔም ሳቅሁ። ካደረግሁት ሁሉ የምትቆጠቁጠኝ ያቺ ሳቅ ናት።

በመጨረሻ ገጹ ተከፈተ። አለቃችን ግን አገጩን እያሸ፣ "እስቲ እንደገና ክፈቺው" አለኝ።

አሁን ብከፍተው ብልጭ ሊል፣ ጉዴም ሊፈላ ነው። አጎቴን ሰረቅ አድርጌ አየሁት። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ይጠርጋል። ገብቶታል። እሱ ያልገባው ማን ሊገባው!

"አያስፈልግም" አለ ቀና ሳይል። "የሷ ይሻላል። በዚያው ሂዱ።"

ተጨበጨበልኝ። ፊቴ እሳት ሆነ፤ ሰው በደስታ የቀላሁ መስሎታል።

አጎቴ ሲወጣ ተከትዬ ኮሪደሩ ላይ ደረስኩበት።

"ጋሼ፣ እያወቅህ ነው ዝም ያልከው?"

"ታዲያ ምን ላድርግ? የእህቴን ልጅ ሰው ፊት ላዋርዳት?"

"ለኔ ብለህ ሥራህን..."

"ላንቺ ብዬ አይደለም" አለ። "የኔን ገጽ፣ መልኩን የምታሳምርልን ዲዛይነር ያለ ሰርቨር ከፍታ ማየት አትችልም። አንድ ቀለም ለመቀየር እንኳ ስትለምነኝ ነው የምትውለው። ያንቺን ግን እንዲሁ ከፍታ ታየዋለች። ዛሬ የመጣሁት ይህንኑ ተናግሬ ላስመርጥልሽ ነበር።" መነጽሩን አደረገ። "ብትጠይቂኝ እኮ እነግርሽ ነበር፣ ልጄ።"

ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ወደ ጥገና ክፍል የሚወስደውን ደረጃ ወረደ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ቢሰድበኝ መልስ አላጣም።

ወደ ስብሰባው ክፍል ተመለስኩ። ሰዎቹ ገና ወረቀታቸውን እየሰበሰቡ ነው። ማንንም ሳላይ ማውዙን ያዝኩና የአጎቴን ገጽ ከፈትኩት። ብልጭ አለ።

የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ አፏን ያዘች። አለቃችን ስክሪኑንም እኔንም ተራ በተራ አየ።

"ምን አደረግሽው?"

"አሁን ምንም አላደረግሁትም" አልኩ። "ያደረግሁት ቅድም ነው።"