የተዘጋው አቋራጭ

እህትና ወንድም የተጣሉት በተራራው ምክንያት ነው። እሷ የመንገድ ጥገናው ክፍል አለቃ ናት፤ ታናሽ ወንድሟ አስጎብኚ። ባልደረቦቹ «ፈጣኑ» ይሉታል። ሌላው ቀኑን ሙሉ የሚለፋበትን ጫፍ እሱ እንግዶቹን ከምሳ በፊት አድርሶ ይመልሳቸውና ከሰዓት ሌላ ቡድን ይዞ ይወጣል። ምስጢሩ አቋራጩ ነበር። ዋናው መንገድ እየተጠማዘዘ ሲወጣ አቋራጩ ዳገቱን ሰንጥቆ ቀጥ ይላል።

ድሮ ለአንድ ሰው የምትበቃ ቀጭን መስመር ነበረች። በየእረፍቱ ቀን የሚጎርፈው ሕዝብ ሲረጋግጣት ሳሩ አለቀ፣ አፈሩ ተራቆተ፣ ዝናቡም ዱካውን ተከትሎ ሰው የሚውጥ ቦይ አወጣ። የዛፎቹ ሥር እንደ ገጠጠ ጥርስ ይታያል። እህትየው ክረምቱን ሙሉ ከሠራተኞቿ ጋር ቦዩ ውስጥ አግዳሚ ድንጋይ ስትደረድር፣ ዳርና ዳሩን ሳር ስትተክል ከረመች። መግቢያውንም በገመድ አጠረችው።

አንድ ጠዋት ገመዱ በቢላ ተቆርጦ፣ ሳሩ ተደፍጥጦ አገኘችው። ማን እንደሆነ ለመገመት ጊዜ አልፈጀባትም። የሚኖሩት አንድ ቤት፣ እናታቸው ዘንድ ነው። ማታ ለራት እንደተቀመጡ የገመዱን ቁራጭ ከወንድሟ ሳህን አጠገብ ጣለችለት።

«ይሄ ያንተ ሥራ አይደለም?»

«ገመድ ነው የቆረጥኩት፣ አንገት አይደለም» አለ ማኘኩን ሳያቋርጥ።

«የስንት ሰው ጉልበት እንደፈሰሰበት ታውቃለህ?»

«አንቺ ዝናብ ዘነበ አልዘነበ ደሞዝተኛ ነሽ። እኔ የምበላው በእግሬ ነው።»

«በእግርህ ብላ! ተራራውን ግን አትብላው።»

«ኧረ በናታችሁ፣ ገበታ ላይ ናችሁ!» አሉ እናታቸው። እሱ ሳህኑን ገፍቶ ተነሣ።

በማግስቱ ለተራራው አስተዳደር ቢሮ ኃላፊ ነገረችው፤ ስብሰባ ተጠራ። አስጎብኚዎቹ ክፍሉን ሞልተው ጠበቋት።

«የተራራው እመቤት መጡ፣ ተነሡ እንጂ!» አለ አንዱ። ሳቁባት። ፈጣኑ ብቻ አልሳቀም።

«ይሄ ሁሉ ሰው በአንድ መንገድ ይንጋጋ ነው የምትዪው?» አለ።

«ካልበቃው በቀን የሚወጣው ሰው ይቀነስ።»

ክፍሉ በጩኸት ተናጠ። ኃላፊው የሰው ቁጥር የመቀነሱን ነገር ፈርቶ ዘለለው፤ በአቋራጩ እንግዳ ሲያሳልፍ የተገኘ ግን የአስጎብኚነት ባጁን ይነጠቃል ብሎ ቆረጠ። ሲወጡ ወንድሟ በሩ ላይ ጠበቃት።

«ከዛሬ ወዲያ እትዬ ብዬ አልጠራሽም።»

«ሳሩን አትርገጥ እንጂ፣ እንዳሻህ ጥራኝ።»

ቅዳሜ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ነበር። እሷ አቋራጩ ላይ ቆማ ሳለ ወንድሟ እንግዶች አስከትሎ መጣ።

«ተመለስ» አለችው።

«ሰው ፊት አታዋርጂኝ። ገለል በይ።»

ንቅንቅ አላለችም። በጎኗ፣ በቦዩ ጠርዝ ላይ አለፈ፤ እንግዶቹ እያመነቱ ተከተሉት። ዝናብ የጠገበው ጠርዝ ከአንዲት ሴት እግር ሥር ተናደ። ሴትዮዋ ከነጭቃው ቦዩ ውስጥ ገባች፤ ጩኸቷ ከላይ እስከ ታች ተሰማ። ቁርጭምጭሚቷ ተሰብሮ ነበር።

በቃሬዛ አስተኝተው፣ እሱ ከፊት፣ እህቱ ከኋላ ይዘው አወረዷት። መንገዱን ሙሉ «ቀስ» ብቻ ይባባሉ ነበር። ሴትዮዋ መኪና ላይ እንደወጣች ወደ እህቱ ዞረ።

«ደስ አለሽ? አንቺ ባትገተሪብን በደህና እናልፍ ነበር።»

በቀጥታ ወደ ቢሮ ገባችና ያየችውን አንድም ሳታስቀር ተናገረች። እስከሚቀጥለው ዓመት ባጁን ተነጠቀ። በዚያው ሳምንት ልብሱን ሰብስቦ ከቤት ወጣ።

«ለሳር ብለሽ ወንድምሽን ከቤት አስወጣሽው» አሉ እናታቸው። የእሱን ክፍል ማየት ስላስጠላት መተላለፊያውን ትታ በጓሮ በር መግባት ጀመረች።

ባጁ የተመለሰለት ሳሩ ሥር ከሰደደ በኋላ ነው። እሷ ዋናው መንገድ ላይ የድንጋይ ደረጃ ስታስጠግን እንግዶቹን እየመራ መጣ። አጠገቧ ሲደርስ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«እዚህ ጋ ጥሩ አቋራጭ ነበር። በአንዲት ክፉ ሴት ምክንያት ተዘጋ።»

እንግዶቹ የታጠረውን አይተው ወደ እሷ ዞሩ። ፊቷ ደም መሰለ። መዶሻውን አስቀመጠች።

«በደረጃው በኩል እለፉ» አለቻቸው፤ ወደ እሱ ግን ዘወር አላለችም። «ዳሩን አትርገጡ፣ ገና ለስላሳ ነው።»

በደረጃው አለፉ። እሱም አለፈ።