የባሩድ ምርቃት

ባልየው ጠመንጃውን ለልጁ ባስረከበ ዕለት የባሩድ መስፈሪያውን ደግሞ ለሚስቱ አስረከበ። "እሱ ይተኩሳል፣ አንቺ ትሰፍሪለታለሽ፣ እኔ ቁጭ ብዬ ሁለታችሁንም እተቻለሁ" አላት። ዓይኑን ሞራ ከጋረደው ወዲህ የቀረው ሥራ መተቸት ብቻ ነው፤ እሱንም ያለ ዕረፍት ነው የሚሠራው።

ጠመንጃው እንደ ዘመኑ መሣሪያ በካዝና የሚጎርስ አይደለም። መጀመሪያ በአፈሙዙ ባሩድ ይፈስበታል። ቀጥሎ በቁራጭ ጨርቅ የተጠቀለለ የእርሳስ አረር ይገባና በዘንግ እስከ ታች ድረስ ይጠቀጠቃል። ያ ሁሉ ተደክሞበት አንድ ጊዜ ብቻ ጧ ይላል፤ አለቀ። ለሁለተኛው ተኩስ እንደገና ከባሩዱ መጀመር ነው። ስለዚህ አዳኝ ጫካ መሀል ቆሞ ባሩድ ሲሰፍር እንዳይውል፣ ለየተኩሱ የሚበቃውን ቤቱ ሆኖ ይለካና በትንንሽ ብልቃጥ ሞልቶ ወገቡ ላይ ይታጠቃል።

እናትየዋን እንቅልፍ የነሳት ይኸው ነው። የሚታደነው በከተማው ዳር ያሉትን የአትክልት ቦታዎች እየገለበጠ ሰው ያማረረው የዱር አሳማ ነው።

"የቆሰለ አሳማ ልጄ ባሩድ እስኪጠቀጥቅ ቆሞ ይጠብቀዋል?" ትላለች።

"በትሕትና ከጠየቀው ምን ይታወቃል" ይላል ባልየው።

ልጁ ልጅ የሚባለው በእናቱ አፍ ብቻ ነው። ጢሙ ሙሉ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። እሷ ግን አሁንም በር ላይ አቁማ የጃኬቱን ዚፕ እስከ አንገቱ ትስብለታለች፤ እሱም ጥግ እስኪያልፍ ይታገሥና መልሶ ይከፍተዋል።

መስፈሪያው ጣት የምታክል የነሐስ ቱቦ ናት። ከሥሯ የሚሳብ ዘንግ አላት፤ ዘንጉ ላይ ቁጥር ተቀርጿል። ባልየው የጠመንጃው ልክ ሰባ መሆኑን ቢያውቅም በደህናው ጊዜ ቁጥሩን አይቶት አያውቅም፤ በልማድ ነበር የሚስበው። እሷ ግን ማታ ማታ ከጎልማሶች ጋር ፊደልና ቁጥር መማር ጀምራለች። መስፈሪያዋን ወደ መስኮቱ አስጠግታ በጣቷ እየተከተለች አነበበችና "ሰባ! ይኸውልህ፣ ሰባ እዚህ ጋ ነው!" ብላ ጮኸች።

"አስተማሪሽን እንጥራትና ታጨብጭብልሽ?"

"አንተ ሰውዬ፣ ዝም ብለህ ሰባ ነው ወይስ አይደለም በለኝ።"

"ሰባ ነው፣ ተማሪዬ። ደግሞ ሰባ ሲባል ሰባ ነው። ከበዛ ጠመንጃው ይራገጣል፣ አረሩም ሽቅብ ይሄዳል። በጣም ከበዛማ…"

"በጣም ከበዛ ምን?"

"በቃ፣ አይብዛ።"

ይቺ ያልተጨረሰች አነጋገር ሆዷ ውስጥ ገብታ ቁጭ አለች። ባሩድ ልትሰፍር ስትል ምድጃውን ታጠፋለች፣ የሬዲዮውን ሶኬት ትነቅላለች፣ የባልየውን ሲጋራና ክብሪት ጎረቤት ላለችው ፀጉር ሠሪ በአደራ ትሰጣለች። ጠረጴዛው ላይ ንጹሕ ጨርቅ ታነጥፋለች። መስፈሪያውን ትሞላለች፣ በካርቶን ጠርዝ አፉን ትልጋለች፣ ወደ ብልቃጡ ትገለብጣለች፣ ክዳኑን ጥርቅም። ቀጥሎ ሌላ። ዓይኗ ከቁጥሩ ላይ አይነሳም። ከዚህ በላይ የተጠነቀቀ ሰው ካለ ይምጣ።

የአዳኞቹ አለቃ በሥራው ቧንቧ ሠራተኛ ስለሆነ ሁሉም ጋሽ ቧንቧ ይሉታል። አዲስ ሰው ሲመጣበት ዝም ብሎ አይወስድም። ከከተማው ውጭ ባለው አሮጌ የድንጋይ ማውጫ ውስጥ ሳህን የምታክል ወረቀት ይሰቅላል። ሦስቱንም አረር ወረቀቷ ላይ ያሳረፈ ይሄዳል፤ ያላሳረፈ ቤቱ ይቀመጣል። አሳማን አቁስሎ የሚለቅ ተኳሽ ከአሳማው የባሰ ነው ባይ ነው።

ልጁ መጀመሪያ በተፈተነ ጊዜ አንዱም አልነካለትም። አንዱ ከወረቀቱ በላይ ሄደ፣ ሌላው ከዚያም በላይ፣ ሦስተኛውን ያየው የለም። ትከሻው በልዞ መጣ።

"ምን እንዳስቸገረው ገባኝ" አለ ባልየው እራት ላይ። "አሳማ ሰማይ ላይ መስሎታል።"

ልጁ አልሳቀም። እናትየዋ በሆዷ "ተመስገን" አለች፤ ከዚያም ማለቷን ራሷ ሰምታ ደነገጠችና ሳህኑ ላይ ምግብ ጨመረችለት። ጋሽ ቧንቧ ለመጪው እሑድ አንድ ዕድል ሰጥቶታል። ያ ካመለጠ የዘንድሮው አደን አለፈው።

ሳምንቱን ሙሉ ልጁ ከሥራ ሲመለስ ባዶውን ጠመንጃ ይዞ ኮሪደሩ ውስጥ ይቆማል። ያነጣጥራል፣ ትንፋሹን ይይዛል፣ ቃታውን ይስባል፣ ቀጭ። እንደገና፣ ቀጭ። ቅዳሜ ምሽት ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደገፈና እጆቹን አገላብጦ አያቸው።

"የአባዬን ዓይን ወረስኩ ብዬ ነበር" አላት። "ለካ የወረስኩት የአሁኑን ነው።"

ቀልድ ነበር፤ ግን ድምፁ የቀልድ አልነበረም። እናትየዋ ለፈተናው የሚሆኑትን ብልቃጦች ሞልታ ከመስፈሪያውና ከቀሪው ባሩድ ጋር ቦርሳው ውስጥ ከተተችለት።

እሑድ ከሰዓት አባትና ልጅ ቀድመው ሄዱ፤ ባልየው ታጣፊ ወንበሩን እንኳ አልረሳም። እሷ የጥራጥሬ ሱቋን ከፍታ ነበር። ፀጉር ሠሪዋ ምስር ልትገዛ ብቅ አለች።

"ልጁ ተፈተነ?"

"አሁን እየተፈተነ ነው።"

"አንቺስ የት ነሽ? እዚህ የቆመው ቀሚስሽ ብቻ ነው።"

እናትየዋ የምስር መስፈሪያ ቆርቆሮዋን ሞላች፣ አፉን በመዳፏ ላገች፣ ከረጢት ውስጥ ገለበጠችላት።

"ውይ ይቺ ግራ እጅ!" አለች ፀጉር ሠሪዋ። "ዛሬም ሳታስፈቅድሽ መረቀችልኝ።"

"ዛሬ እንኳ አልመረቅኩም።"

"አልመረቅኩም ትለኛለች! አንቺ ወደ በሩ ስታዪ እሷ ቆንጥራ ጨመረች። ይኸው፣ አሁንም ጣትሽ ላይ አንድ ፍሬ ተለጥፏል።"

እናትየዋ ጣቷን አየች። እውነትም አንዲት ምስር ተለጥፋለች። ምስሯን ልታራግፍ ስትል ግን ከአውራ ጣቷ ጥፍር ሥር ጥቁር ነገር አየች። የምስር አይደለም፣ የጓሮ አፈርም አይደለም፤ አንጸባራቂ፣ ደቃቅ ጥቁር። ቀኝ እጇ መስፈሪያና ካርቶን ይዛ ስትሠራ፣ ዓይኗም ሰባ ላይ ተተክሎ ሳለ፣ ግራ እጇ በየብልቃጡ እያጎረሰች ኖራለች። ዕድሜ ልኳን ለደንበኛ ስትመርቅ የኖረች እጅ ለገዛ ልጇ ልትሰስት ኖሯል?

ጆንያ ላይ ተቀመጠች።

"ምነው? ምን ሆንሽ?"

"ምንም።"

ምንም ብሎ መተው ይቻል ነበር። እሷ ካልተናገረች ማንም አያውቅም። ጠመንጃው ይራገጣል፣ አረሩ ሽቅብ ይሄዳል፣ ጋሽ ቧንቧ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ "ለከርሞ" ይለዋል። ልጇ አዳኞቹ በሚወጡበት ቅዳሜ ቤቱ ይውላል። አሳማውም በሰላም፣ ልጁም በሰላም። አንድ ቃል አለመናገር ብቻ ነው፤ ዝም ማለት ደግሞ ውሸት አይደለም ብላ ራሷን ልታሳምን ሞከረች። ነገር ግን እነዚያ የሚገላበጡ እጆች ዓይኗ ላይ መጡ። ልጇ የሷን እጅ ጥፋት የራሱ እጅ አድርጎ ሊኖር ነው። ደግሞስ ያቺ "በጣም ከበዛማ" የምትባል ነገር አለች፤ እጇ ትናንት ምን ያህል እንደመረቀች በምን ታውቃለች?

"ሱቁን ጠብቂልኝ!" ብላ ተነሣች።

"እኔ? ሽሮ ከበርበሬ አልለይም እኮ!"

"ቅመሺው!" አለችና ወጣች።

ታክሲው ከዋናው መንገድ ዳር አወረዳት፤ ከዚያ ወደ ድንጋይ ማውጫው ነጠላ ጫማዋን በእጇ ይዛ ሮጠች። ስትደርስ ልጁ አንዱን ተኩሶ ነበር፤ ጭሱ ገና አልጠራም፣ ወረቀቷም አልተበሳችም። ሁለተኛውን ሊያጎርስ ብልቃጡን ሲከፍት "ተው! እንዳታፈሰው!" ብላ ጮኸች።

አዳኞቹ ሁሉ ዞሩ። ባልየው ከወንበሩ ተነሣ። "ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም። ባሩዱ… ባሩዱ ላይ መርቄበታለሁ።"

"ምን አደረግሽበት?"

"መረቅኩበት! ለደንበኛ እንደማደርገው። እጄ ናት እንጂ እኔ አይደለሁም።"

ጋሽ ቧንቧ ብልቃጡን ከልጁ እጅ ተቀብሎ ወደ መስፈሪያዋ ገለበጠው። መስፈሪያዋ ሞላች፤ የተረፈው መዳፉ ላይ ፈሰሰ። ሌላውን ገለበጠ፤ የዚያ ትርፍ ደግሞ ከመጀመሪያው ይበልጣል።

"እትዬ" አለ እንባው እስኪመጣ እየሳቀ፣ "ሠላሳ ዓመት ሳድን የተመረቀበት ባሩድ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። እርስዎ ጋ ጎመን ዘር የሚገዛ ሰው ታድሎ!"

"ጠመንጃው ይፈነዳ ነበር?"

"ለዚህስ አይፈነዳም። ግን እንኳን ይሄ ልጅ፣ እኔም በዚህ ባሩድ ወረቀት አልመታም። አንዱ ሌላውን አይመስልም እኮ።"

ልጁ እናቱን ትክ ብሎ አያት። "ታዲያ እኔ… እጄ ደህና ነው?"

"የእኔ ነው ያልተቀጣው፤ ያንተማ ምን ሆነ።"

"እዚሁ ቁጭ ብላ እንደገና ትሰፍራለች" አለ ባልየው። "ወንጀለኛዋን ግን እኔ እይዛታለሁ።" ወንበሩን ለሚስቱ ለቀቀና አጠገቧ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ግራ እጇን በሁለት እጁ ያዘ። ቀኟ ሞላች፣ ላገች፣ ገለበጠች። እያንዳንዱ ብልቃጥ ሲሞላ ግራዋ ከባልየው መዳፍ ውስጥ ልትመርቅ ትፍጨረጨራለች።

"ኧረ ይቺ እጅ ልታመልጠኝ ነው! ልጆች፣ አግዙኝ!"

"አንተ ሰውዬ፣ ሰው ፊት አታሳፍረኝ።"

"ከተጋባን ወዲህ እንደዚህ እጅሽን ይዤ አላውቅም፤ ምናለ ትንሽ ብትታገሺኝ?"

ጋሽ ቧንቧ ፈተናው እንደ አዲስ ይጀመር አለ። ልጁ አጎረሰ፣ አነጣጠረ፣ ተኮሰ። ሁሉም በቦታው ቆሞ ጭሱ እስኪጠራ ጠበቀ። ወረቀቷ መሀሏ ላይ ተበስታለች። ሁለተኛው ከሱ ጎን አረፈ። ሦስተኛው ጠርዟን ነክቶ ሲያልፍ ባልየው ምንም ሳያይ በሰዎቹ ጩኸት ብቻ አውቆ "ይኸው! የድሮው ዓይኔ ነው!" ብሎ ዘለለ።

"ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ እንገናኝ" አለ ጋሽ ቧንቧ።

ልጁ ጠመንጃውን ይዞ ወደ እናቱ መጣ። እስከ ዛሬ ጠይቋት አያውቅም ነበር። "እማ፣ ልሂድ?"

እሺ ከማለቷ በፊት ወደ ጋሽ ቧንቧ ዞረች።

"ከማን አጠገብ ነው የሚቆመው?"

"ከኔ አጠገብ።"

"እርስዎስ ከማን አጠገብ?"

"ከሱ አጠገብ ነዋ፣ እትዬ።"

"ቀልዱን ይተውና! ቢስተውስ? አሳማው ቢዞርበትስ?"

"መጠባበቂያውን ያጎርሳል። ጊዜ ካጣ እኔ እተኩሳለሁ። የባሰ ቢመጣ ዛፍ ላይ ይወጣል።"

"ይሄ? ዛፍ መውጣት መች ይችልና!"

"እማ፣ ምሰሶ ላይ ነው እኮ የምውለው።"

"ምሰሶ አሳማ አያባርርህም። በል ያንን ዛፍ ውጣና አሳየኝ፤ ካየሁ በኋላ ትሄዳለህ።"

አዳኞቹ ወደ ልጁ፣ ልጁም ወደ አዳኞቹ አየ። እሺታ በዚህ ከተገኘ ብሎ ነው መሰለኝ፣ ጠመንጃውን ለአባቱ ሰጠና ያ ጢማም፣ ሰፊ ትከሻ ሁሉ፣ በድንጋይ ማውጫው ጥግ ያለውን ዛፍ አቀፈ። ቅርንጫፉ ላይ ሲደርስ ቆመ።

"ከፍ በል!" አለች ከታች ሆና፣ ሁለት እጇን ሊወድቅ ነው ብላ ዘርግታ። "አሳማው ትልቅ ነው ብለውኛል!"

ልጁ ሌላ ቅርንጫፍ ጨመረ።

"ትንሽ ከፍ!"

"እትዬ፣ ከዚህ በላይ ከወጣ እኮ አደናችን የወፍ ይሆናል!" አለ ጋሽ ቧንቧ።

እናትየዋ ዓይኗን በመዳፏ ከፀሐይ ጋርዳ ቅርንጫፉን መረመረችው፤ ልጁንም። ቅርንጫፉ አልተነቃነቀም። ልጁም ከላይ ሆኖ ይስቅባት ነበር።

"ይሁን" አለች በመጨረሻ። "ሂድ። አሁን ግን ቀስ ብለህ ውረድ፤ መውረዱ ነው የሚያስፈራው።"