የጽጌወይን ሬፕሊካ ኳስ

ጽጌወይን ኳሱን ከሱቅ ይዛ የወጣችው ሕፃን እንደታቀፈች ሴት በሁለት እጇ ነበር። በመጪው ቅዳሜ የቤተ ክርስቲያናቸው ሴት ልጆች ከሌላው የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን ልጆች ጋር ይጋጠማሉ። ልጇ ሐሌሉያ የቡድኑ አምበል ናት። ኳሱን ደግሞ "እኔ አመጣለሁ" ያለችው ጽጌወይን ራሷ ናት፤ ማንም አልጠየቃትም።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ለእናቶቹ አሳየች። ሜሪ፣ የበረኛዋ የናርዲ እናት፣ ኳሱን አገላብጣ አየችና "ሬፕሊካ ነው እኮ" አለች።

"ቢሆንስ? ከዓለም ዋንጫው ኳስ ጋር መልኩ አንድ ነው።"

"መልኩማ አንድ ነው። ይሄ ግን መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ነው፣ ጽጌ። ከዕረፍት በፊት ይተነፍሳል።"

"ሻጩ የተሰፋ ነው፣ ይቆያል ብሎኛል።"

"ሻጭ ሌላ ምን ይበልሽ?"

ሴቶቹ ሳቁ። ጽጌወይን አልሳቀችም። "እስከ መጨረሻው ፊሽካ ካልቆየ፣ ሁለተኛ ለዚህ ቡድን ውሃ እንኳ አላመጣም" አለች።

ሐሌሉያ ይህን ሁሉ ከኋላዋ ቆማ ትሰማ ነበር። መኪና ውስጥ እንደገቡ "ማሚ፣ ለምን ፕሮሚስ አደረግሽ? አሁን ቢፈነዳ ሁሉም እኔን ነው የሚያዩኝ" አለቻት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጽጌወይን ኳሱን መፈተን ያዘች። ኳሱን መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ደፍቃ አረፋ ይወጣው እንደሆነ ጠበቀች፤ አልወጣም። መነጽሯን አድርጋ ስፌቱን ዙሪያውን መረመረች። ባሏን ጌቱን ደግሞ ከጋራዡ ግድግዳ ጋር ሃምሳ ጊዜ እንዲያላጋው አዘዘችው። ጌቱ ሠላሳኛው ላይ ወገቡን ይዞ ቆመ።

"ከዚህ ኳስ በፊት እኔ ነኝ የምተነፍሰው" አለ።

"ሃያ ይቀርሃል።"

ሁሉም ደህና ነበር። አንድ ነገር ብቻ አላማራትም፤ በአውራ ጣቷ ስትጫነው ትንሽ ገባ ይላል። ጽጌወይን ሃሪ ሪድ አየር ማረፊያ ዊልቸር ትገፋለች። ስድስት ዓመት ሙሉ ሺፍት ስትጀምር መጀመሪያ የምታደርገው ጎማውን በአውራ ጣት መጫን ነው። ጣት ከገባ ያ ዊልቸር መንገደኛውን እስከ አውሮፕላኑ በር አያደርስም። ስለዚህ ዓርብ ከሥራ በፊት ነዳጅ ማደያ ጎራ አለችና ኳሱን ስትጫነው ጣቷን እስኪያማት ድረስ ነፋችው። መንፊያው ቀዳዳ አጠገብ የሚበቃው አየር በቁጥር ተጽፏል፤ አይታዋለች። ግን ያ ቁጥር ከአውራ ጣቷ የበለጠ ያውቃል ብላ አላሰበችም። ከዚያ ኳሱን የኋላ ወንበር ላይ አስቀምጣ ሥራ ገባች። መኪናዋም በበረሃማው ከተማ የሰኔ ፀሐይ ስምንት ሰዓት ሙሉ ፓርክ ተደርጋ ዋለች።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ሙቀቱ ሳይበረታ ሜዳው ላይ ተገናኙ። የወጣቶች አገልጋይ የሆነው ማቴዎስ ነው ዳኛው። ኳሱን ከከረጢቱ አውጥቶ መሬት ላይ አስቀመጠው። ኳሱ ሁለቴ ተንገዳገደና በጎኑ ተኛ።

"እህት ጽጌወይን" አለ ማቴዎስ በትሕትና፣ "ይሄ ኳስ ትንሽ ሞላላ አልሆነም?"

"አየር እንዳያንሰው ብዬ ነው።"

ማቴዎስ በጣቱ ተጫነው፤ ቀጥሎም በጉልበቱ። "አላነሰውም" አለ።

ሐሌሉያ ፊቷን በማሊያዋ ሸፈነች። "ማሚ፣ እንቁላል አደረግሽው።"

ሜሪ ወደ መኪናዋ ሄዳ የራሷን ኦሪጅናል ኳስ ይዛ መጣች። ማቴዎስ ግን መርፌ ሰክቶ የጽጌወይንን ኳስ ማስተንፈስ ጀምሯል። ኳሱ ለሰለሰ፤ ክብ ግን አልሆነም።

"ስፌቱ ደህና ነው" አለ ማቴዎስ። "ለሁለቱም ቡድን ያው ነው፣ በዚህ እንጀምር። ከተነፈሰ በሜሪ እንቀይረዋለን።"

እንዲህ ያለ ጨዋታ ማንም አይቶ አያውቅም። ወደ ቀኝ የተመታው ወደ ግራ ይሄዳል። ወደ ውጭ ወጣ የተባለው ሐሳቡን ቀይሮ ይመለሳል። ናርዲ ወደ አንዱ ማዕዘን ስትወረወር ኳሱ በሌላው ይገባል፤ የወዲያኛዋም በረኛ ዕጣ ያው ነው። ሐሌሉያ ለጓደኛዋ ልታቀብል የመታችው ኳስ ማንም ሳይነካው መረብ ውስጥ አረፈ።

"ልጅሽ ጎል አገባች እኮ" አለ ጌቱ።

"ስፌቱስ?" አለች ጽጌወይን።

ኳሱ የሜዳውን የሽቦ አጥር በመታ ቁጥር ጽጌወይን ትነሳለች፤ ሲመለስ ትቀመጣለች። ዕረፍት ሆነ፤ አልተነፈሰም። ሙቀቱ በረታ፤ ኳሱ እንዳለ ነው። የመጨረሻው ፊሽካ ሲነፋ ውጤቱ ስድስት ለስድስት ነበር። ጽጌወይን ግን ውጤቱን የሰማችው በኋላ ነው፤ መጀመሪያ ሮጣ ሄዳ ኳሱን በአውራ ጣቷ ተጫነችው። ማቴዎስ ከተወለት አየር አንድ ትንፋሽ አልጎደለም። ያን ጊዜ ሐሌሉያ መጥታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች፤ ላብ በላብ አደረገቻት።

"ቆየ፣ ማሚ።"

"ቆየ" አለች ጽጌወይን፤ ኳሱን እንደያዘች ሣሩ ላይ ተቀመጠች።

አሸናፊው እንዲለይ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሊደገም ተወሰነ። ሜሪ "ያን ቀን እንግዲህ በደህና ኳስ ይጫወታሉ" ብላ የራሷን አነሳች። የሁለቱም ቡድን ልጆች አጉረመረሙ።

"የእኛ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው" አለች ናርዲ እናቷን። "ቦሪንግ ነው። እንደ ሐሌሉያ ያለ ኳስ ግዢልኝ።"

ሜሪ ልጇን አየች፣ ኳሱን አየች፣ በመጨረሻ ወደ ጽጌወይን ጠጋ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "እስቲ የሱቁን አድራሻ ላኪልኝ።"

ጽጌወይን ነገሩን ከልቧ አሰበችበት።

"እልክልሻለሁ" አለች። "ግን ከሱቅ ሲወጣ ክብ ነው፤ አትደንግጪ።"