ጋሪው ይቅር

የልጄን ጋሪ ከመኪናው ኋላ አውጥቼ መሬት ላይ ዘረጋሁት። እናቴ መልሳ አጠፈችው።

«ስድስት ዓመት የሞላት ልጅ በጋሪ እየተገፋች ቦሌ አልወርድም» አለች።

«የምትገፊው አንቺ አይደለሽም፤ እኔ ነኝ።»

«ያው ነው። ወንድሜ ከነሚስቱ ከነልጆቹ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀናል። ምን ሆና ነው ሲሉኝ ምን ልበል?»

«የሆነችውን።»

እናቴ ወደ ባሌ ዞረች። «ያፌት የኔ ልጅ፣ ጋሪውን ይዘህ ተመለስ።» ያፌት እኔን አየኝ። አውሮፕላን ማረፊያው ደጃፍ መንገደኛ የሚወርድበት ቦታ ላይ ከሦስት ደቂቃ በላይ መቆም አይቻልም፤ ከኋላችን ያለው መኪና ጡሩንባውን ለሁለተኛ ጊዜ ነፋ።

ክርክር አልፈራም፤ መዘግየት ግን አልችልም። «ኦኬ፣ ውሰደው» አልኩ። የዚያ ቀን የመጀመሪያ ስህተት ይህ ነው፤ የኔ ነው። ስለ እናቴ ከማውራቴ በፊት እሱን መናገር አለብኝ።

ልጄ ሃሌሉያ ትሮጣለች። ልጆች ሲጫወቱ እንደሚሮጡት አይደለም። በራሱ የሚከፈት በር ካየች ሌላው ነገር ሁሉ ይጠፋባታል፤ ወደ በሩ ትሄዳለች፤ ከበሩ ማዶ መኪና ይሁን ሐይቅ ይሁን አታይም። አምና ሰፈራችን አጠገብ ሬንተን ካለ አንድ ሱቅ ወጥታ የመኪና ማቆሚያውን አቋርጣ አውራ ጎዳናው ዳር ስትደርስ የያዛት የማላውቀው ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ነው ጋሪውን የገዛነው፤ ለትልቅ ልጅ የሚሆን፣ ቀበቶና ጥላ ያለው። ጥላውን ስናወርድባት ዝም ትላለች። ትወደዋለች።

ሐኪሞቹ ያለባትን ነገር በስሙ ከጠሩልን ሁለት ዓመት ሆኗል። እናቴ ባለችበት ግን ያ ስም አይነሳም። አዲስ አበባ ስትደውል «ዓይነ አፋር ናት» ትላለች። ቤተ ክርስቲያን ሲጠይቋት «ዘግይታ ነው የምትናገረው፤ አባቷም እንደዚያ ነበር» ትላለች። ያፌት በዘጠኝ ወሩ ማውራት እንደጀመረ እናቱ ነግራኛለች።

እኔም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አልናገርም። ከሰሙ ወደ ፊት ይጠሯታል፤ ሠላሳ ሰው እጁን ይጭንባታል። ፀጉሯን ለማበጠር እንኳ ሁለት ሰው የሚያስፈልጋት ልጅ ናት። የሚያደርጉት ደግሞ በፍቅር ስለሆነ ተዉ ማለት አይቻልም።

ያፌት ጋሪውን ይዞ ሄደ። የእናቴ ዊልቸር መጣ።

እናቴ ጤነኛ ናት። በየጠዋቱ ከሰፈራችን ከስካይዌይ ቁልቁል እስከ ሐይቁ ዳር በእግሯ ወርዳ ዳገቱን ትመለሳለች። ትኬቷ ላይ ግን ዊልቸር አለ፤ እኛ ዘንድ እናት ስትበር ዊልቸር ይታዘዝላታል። ነገሩ የተጀመረው እንግሊዝኛ ለማይችሉት ነው። ወንበሩን የሚገፋው ሰው በሩን ያውቃል፣ ፎርሙን ይሞላል፣ ሰልፉን ያሳልፋል። እናቴ ሦስት ጊዜ ብቻዋን እንደዚያ ተመላልሳለች። ዘንድሮ እኔ አብሬያት እየሄድኩም አልተወችውም።

«ያልታመመችው በጎማ፣ ጎማ የሚያስፈልጋት በእግሯ» አልኳት።

«እኔን ማን ያየኛል? ትልቅ ሰው ነኝ።»

ያያት ሰው ግን ነበር። ወንበሩን እየገፉ የመጡት ጋሽ ክፍሌ ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያናችን በር ላይ ቆመው ሰው የሚያስቀምጡት።

«ወይዘሮ ሙሉወርቅ! ምነው? ምን አገኘዎት?»

«እግሬን… ትንሽ።»

«የትኛውን?»

«ሁለቱንም።»

«እሑድ እኮ ያንን የሚያህል ድስት ለብቻዎ ከምድር ቤት ተሸክመው ሲወጡ አይቼዎት…»

«ከዚያ ወዲህ ነው፣ ጋሽ ክፍሌ።»

«እንግዲያስ ይቀመጡ። ዘጠኝ ዓመት ገፋሁ፤ እዚህ የተቀመጡት እናቶች ሁሉ ቦሌ ሲደርሱ ይፈወሳሉ አሉ።»

እናቴ ተቀመጠች፤ ቦርሳዋን ከወንበሩ መያዣ ላይ አንጠለጠለች። እኔ የሃሌሉያን የእጅ አንጓ ያዝኩ። መዳፏን ከያዙት ታሾልከዋለች፤ አንጓዋ ይሻላል።

ፍተሻውን በአሥር ደቂቃ አለፍን፤ ዊልቸር ሰልፍ እንደሚያሳልፍ እናቴ አልዋሸችም። ከዚያ ወደ ሌላው ሕንፃ የሚወስደው ባቡር ወዳለበት ምድር ቤት ወረድን። ባቡሩ ሾፌር የለውም፤ እየዞረ ይመለሳል። በሮቹ መስታወት ናቸው፤ በራሳቸው ይከፈታሉ፣ በራሳቸው ይዘጋሉ። ይህንን አውቅ ነበር። ከዚህ በፊት ከአሥር ጊዜ በላይ ተሳፍሬበታለሁ። ነገር ግን ከልጄ ጋር ሆኜ አስቤው አላውቅም።

ስልኬ ጮኸ። ቤልቪው ካለው መሥሪያ ቤቴ ነበር፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ፈቃድ ላይ መሆኔን የረሳ አለቃ። ድምፁን ለማጥፋት አንጓዋን የያዝኩበትን እጅ ቀየርኩ። ከግራ ወደ ቀኝ። ሁለት ሰከንድ አይሞላም።

በሩ ተከፈተ። ሃሌሉያ የለችም።

ሮዝ ጃኬቷን በሰዎች እግር መካከል አየሁት፤ ባቡሩ ውስጥ ናት። ስሟን ጠራሁ፤ አልዞረችም፤ ዞራም አታውቅም። በሮቹ እየተዘጉ ነው የሚለው የሴት ድምፅ ተሰማ። ከጎኔ ብረት ተንኳኳ። እናቴ የእግር ማሳረፊያውን በእርግጫ ብላ ከወንበሩ ተነስታ ሮጠች። በጎኗ ገባች። አንድ ጫማዋ ከበሩ ውጭ ቀረ። በሩ ተዘጋ። መስታወቱን በመዳፌ መታሁት፤ ባቡሩ ሄደ።

«ደረሱባት?» አሉ ጋሽ ክፍሌ።

«አላየሁም።»

የእናቴ ቦርሳ ወንበሩ ላይ ይወዛወዛል። ስልኳ እዚያ ውስጥ ነው። ፓስፖርቷ እኔ ጋ ነው። ባቡሩ ውስጥ የገባችው አንድ ጫማና አንድ ሹራብ ይዛ ነው።

ጋሽ ክፍሌ ሬዲዮናቸውን አውጥተው በስሜ ጠሩኝ። «የምሥራች፣ ልጄ፣ አንቺ ቀጣዩን ያዢ። እኔ እዚህ እቆማለሁ፤ ዞረው ከመጡ አላሳልፋቸውም።» ከዚያ ሬዲዮውን አፋቸው ጋ አድርሰው ቆም አሉ። «ስሟን ቢጠሯት ትመጣለች?»

«አትመጣም።»

«ቢጠይቋት ትመልሳለች?»

«አትመልስም።»

አዩኝ። ሌላ አልጠየቁኝም። በእንግሊዝኛ ስድስት ዓመት፣ ሮዝ ጃኬት፣ አትናገርም አሉ፤ እንደ ዕቃ ዝርዝር። ለዚያ አነጋገራቸው እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

ሰሌዳው ቀጣዩ ባቡር በሁለት ደቂቃ ይደርሳል ይላል። ቆሜ አሰብኩ። የሚቀጥለው ጣቢያ ሲደረስ በሮቹ እንደገና ይከፈታሉ። እናቴ ካልያዘቻት ትወጣለች። ስትወጣ ከፊቷ የሚንቀሳቀስ ደረጃ አለ፤ ከደረጃው በላይ ሱቅ፣ ሰው፣ ሌላ በር። ወይም አትወጣም፤ እናቴ ልጅቷ ወርዳለች ብላ ትወርዳለች፤ ሃሌሉያ ግን ባቡሩ ውስጥ ቀርታ ትዞራለች። ሰሌዳው ላይ ሁለቱ አንድ ሆነ። ከጎኔ አንድ ሰውዬ ፖም ይገምጣል። እንዲያቆም ልነግረው ፈለግሁ።

ባቡሩ መጣ። በሩ ላይ ተለጥፌ ሄድኩ።

ከመድረሴ በፊት ጩኸቷን ሰማሁ። የሃሌሉያን ጩኸት ከሌላ ልጅ ጩኸት እለያለሁ፤ ስለዚህ መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነው። ከዚያ ሰዎቹን አየሁ። ከበው ቆመዋል። እናቴ ግድግዳ ተደግፋ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ ልጅቷን በእግሮቿ መካከል አድርጋ በሁለት እጇ ቆልፋታለች። ፊቷ ላይ የጥፍር ምልክት አለ። አንድ ፖሊስ በፊቷ ተንበርክኳል። ከኋላው አንዲት ሴት በስልኳ ትቀርጻለች።

ፖሊሱ ለሃሌሉያ በለሰለሰ ድምፅ በእንግሊዝኛ ይናገራል። «የኔ ቆንጆ፣ እኚህ ሴትዮ አያትሽ ናቸው? ታውቂያቸዋለሽ?»

ሃሌሉያ ጩኸቷን አቋርጣ፣ ልክ በባቡሩ ሴት ድምፅ፣ «ዘ ዶርስ አር ክሎዚንግ» አለችው፤ በሮቹ እየተዘጉ ነው።

«ስምሽን ንገሪኝ።»

«ዘ ዶርስ አር ክሎዚንግ።» ከዚያ እንደገና ጮኸች።

ፖሊሱ ወደ እናቴ ዞሮ እባክዎ ይልቀቋት አለ። ያንን እናቴ ገብቷታል። ይበልጥ ጠበቀች። እሱ እጁን ዘረጋ። የታየኝን አውቃለሁ፤ ለእሱም ሳይታየው አልቀረም። መታወቂያ የሌላት፣ ቋንቋ የማታውቅ፣ አንድ ጫማ ያደረገች ሴት፤ በእጇ የምትጮህ ልጅ።

«ኦቲዝም!» አለች እናቴ።

ቤት ውስጥ ከአፌ ሲወጣ ክፍሉን ለቅቃ የምትሄድበት ቃል ነው። እንዴት እንደሚጠራ የምታውቅ አይመስለኝም ነበር።

«ኦቲዝም! ኦቲዝም! ሺ ራን! ማይ ቤቢ፣ ኦቲዝም!» ጣቢያው ሁሉ ሰማ። የፖሊሱ እጅ ተመለሰ። የምትቀርጸው ሴትዮ ስልኳን አወረደች።

ሰው ገፍቼ ደረስኩና ሦስቱን ፓስፖርት ዘረጋሁለት። አየ፤ ፎቶውን ከፊታችን ጋር አስተያየ፤ መለሰልኝ። ሲነሳ፣ ሊወቅሰኝ ሳይሆን ዝም ብሎ፣ «ስትሮለር የላችሁም?» አለ፤ ጋሪ ማለቱ ነው።

«ቤት ቀረ» አልኩ።

ጋሽ ክፍሌ ባዶውን ወንበር እየገፉ፣ ጫማውን በብብታቸው ይዘው ደረሱ። «ይቀመጡ፣ ወይዘሮ ሙሉወርቅ፤ ደክሞዎታል።» እናቴ አልተቀመጠችም። ሃሌሉያን አንስታ ወንበሩ ላይ አስቀመጠቻት፤ ቀበቶውን አሰረች፤ ሹራቧን አውልቃ እንደ ጋሪው ጥላ ከራሷ በላይ ጣለችባት። ጩኸቱ ከሹራቡ ሥር ቀነሰ፤ ከዚያ ማጉረምረም ሆነ።

«በእርስዎ ስም እኮ ነው የታዘዘው» አሉ ጋሽ ክፍሌ።

«ስሙ ይቀየራላ።»

«እግርዎስ?»

«ጋሽ ክፍሌ!» ጫማዋን ተቀብላ አደረገች። ወደ መሳፈሪያው በር መሄድ ጀመርን። ከዚያ ሳትዞር ተናገረች። «ለጸሎት ቡድኑ ሊነግሩ ነው አይደል?»

«እንደ ፈቃድዎ።»

«ይንገሩ። ይጸልዩላት። እጅ የሚጫንባት ግን የለም። መነካት አትወድም፤ ይህንንም ይንገሩልኝ።»

«እነግራለሁ» አሉ።

መሳፈሪያ በራችን ጋ ስንደርስ የአየር መንገዱ ሠራተኛ ዘንድ ሄጄ ዊልቸሩ በሃሌሉያ ስም እንዲሆን ጠየቅኩ። ምክንያቱን ጻፈች። መሀል ላይ አውሮፕላን በምንቀይርበት ቦታ ይጠብቀናል፤ ቦሌም ከአውሮፕላኑ በር እስከ መውጫው ድረስ ይኖራል። ከመውጫው በኋላ ግን የለም። ከመውጫው በኋላ ሦስት ሳምንት አለ፤ የምንሄድለት ሰርግ አዳራሽ፣ መንገድ፣ ሚኒባስ፣ ባቡር ባይሆንም በር የማይጠፋበት ከተማ። ይህንን ለእናቴ እያሰላሁላት ሳለ እጇን ዘረጋች።

«ገብረሕይወት ጋ ደውይልኝ።»

«እማዬ፣ መሳፈር ተጀምሯል።»

«እዚያ ገና ምሽት ነው፤ ሱቅ አልተዘጋም። ለትልቅ ልጅ የሚሆን ጋሪ ይፈልግልን። ደውይ።»

«ለምን ቢልሽስ?»

«ስልኩን ስጪኝ አልኩሽ።»

ደወልኩና ሰጠኋት። የአጎቴ ድምፅ ከስልኩ እስከ እኔ ድረስ ይሰማል፤ ጮክ ብሎ ነው የሚያወራው። ሰላምታው ተጀመረ። እንዴት ነሽ፣ ደህና ነህ፣ ሚስትህ፣ ልጆቹ፣ የሰርጉ ድንኳን ተተከለ ወይ። ሦስተኛው የተሳፋሪ ቡድን ተጠራ። ጋሽ ክፍሌ ወንበሩን ወደ ሰልፉ አዞሩ። ከሹራቡ ሥር የሃሌሉያ ጫማ ብቻ ይታያል፤ የእግር ማሳረፊያውን በልክ በልክ ይመታል። ሰላምታው አላለቀም። ስልኩን ልቀማት እጄን ዘረጋሁ፤ ትከሻዋን አዞረችብኝ።

«ልጅቷስ?» አለ አጎቴ። «ደህና ናት?»

«ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለች እናቴ፤ ቃሉ በራሱ ወጣ።

ሠራተኛዋ የመጨረሻውን ቡድን ጠራች። እናቴ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረች፤ በነጻ እጇ የወንበሩን መያዣ ያዘች።

«አይ፣ ቆይማ ገብሬ» አለች። «ያልነገርኩህ ነገር አለ።»