የአምስተኛ ክፍል አፍ

ዮፍታሔ ለማስተማር ልምምድ ጅግጅጋ ዳርቻ ወዳለው ትምህርት ቤት በተመደበ በሁለተኛው ሳምንት ትዕግሥቱ ተሟጠጠ። ኮሌጅ ሳለ የቡድን ውይይት የሚባለውን ስልት ያለ ጥርጥር ተቀብሎት ነበር፤ ተማሪ ከተማሪ ይማራል፣ መምህርም ከመናገር ይልቅ ያዳምጣል ተብሎ ተነግሮታልና። በአምስተኛ ክፍል የአማርኛ ክፍለ ጊዜ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ያየው ግን ሌላ ነው። ልጆቹ ስድስት ስድስት ሆነው ይከባሉ፤ ጥቂት በሶማልኛ ይንሾካሾካሉ፤ ከዚያም ሁሉም አንገታቸውን ወደ ናስትሆ ያዞራሉ። የናስትሆ አባት አዲስ አበባ የሚመላለስ ሾፌር ስለሆነ ልጅቱ አማርኛ አይቸግራትም። ጥያቄው ለየትኛውም ቡድን ይቅረብ፣ መልሱ የሚወጣው ከእርሷ አፍ ነው።

የክፍሉ መምህር ዒጋል ብዙ ዘመን ያስተማሩ፣ ጨዋታ ወዳድ ሰው ናቸው። ዮፍታሔ በመምህራን ማረፊያ አግኝቷቸው፣ ይህ ውይይት ሳይሆን የአንዲት ልጅ ንግግር ነው ብሎ አማረረ። እርሳቸው ሻያቸውን አማስለው ሳቁ።

«ዋሪያ፣ ግመል የምትነዳ እንደሆነ ፊተኛዋን ነው የምትስባት። የቀሩት ይከተላሉ።»

«ፊተኛዋ የታመመች ዕለትስ፣ መምህር?»

«ያን ዕለት ገበያ አንወጣም።»

ቀልዱ ግን እውን ሆነ። የኮሌጁ ገምጋሚ መምህር ባስልዮስ፣ ዮፍታሔ ሲያስተምር ሊያዩ በመጡበት ማክሰኞ፣ ናስትሆ ለአክስቷ ሠርግ አይሻ ወደምትባለው ከተማ ሄዳ ነበር። ዮፍታሔ ስለ ውኃ ጉድጓድ የተጻፈውን ምንባብ አስተዋውቆ፣ በየቡድናችሁ ተወያዩ አለ። ማንም አልተነፈሰም። ጥያቄውን አቅልሎ ደገመው፤ ልጆቹ የናስትሆን ባዶ ቦታ ተመለከቱ። በክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የገምጋሚው እስክሪብቶ ብቻ ነበር።

ዮፍታሔ ተናደደ፤ በልጆቹ ሳይሆን ልጆቹን ዲዳ ባደረገው ሥርዓት። በልጅነቱ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ከየኔታ እግር ሥር ዳዊት የደገመ ነው። በዚያ እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ንባብ ጮኾ ያነባል፤ አንዱ በሌላው አይሸፈንም፤ የኔታም በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል የሳተውን ለይተው ይሰማሉ። እርሱም ክበቡን አፍርሶ፣ ሁላችሁም መጽሐፋችሁን ገልጣችሁ በየራሳችሁ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡ ብሎ አዘዘ።

ልጆቹ ሁለተኛ ማስረዳት አላስፈለጋቸውም። ቁርኣን ቤት የእንጨት ሰሌዳቸውን፣ ሎሃቸውን፣ ታቅፈው የሚያነቡት እንዲሁ ነውና፣ ወገባቸውን እያወዛወዙ በአንድ ጊዜ ንባቡን ተያያዙት። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ድምፁ እንደ በረዶ ወረደ። ዮፍታሔ በወንበሮቹ መካከል እየተመላለሰ ጆሮውን ጣለ። ዴቅ የተባለው፣ ከቶ ተናግሮ የማያውቅ ልጅ አንድ መስመር ዘሎ ሲያልፍ ሰማው፤ ተመልሶም የልጁን ጣት በዘለለው መስመር ላይ አኖረለት። ዴቅ በመገረም ቀና ብሎ አየው፣ ፈገግ አለ፣ መስመሩንም አቃንቶ አነበበ።

ደወል ሲደወል ባስልዮስ ወደ ውጭ ጠሩት። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ስለዚህም ይበልጥ አታከቱት። ክፍሉን እንደ ገበያ ለቀቅኸው፣ ተማሪ ተኮር ስልት አላየሁም አሉት። ዮፍታሔ ዴቅ ማንበቡን ሊያስረዳ ሞከረ።

«እኔ በዚያ ጩኸት ውስጥ ማንንም አልሰማሁም» አሉ ባስልዮስ። «ሐሙስ በቡድን አስተምረህ አሳየኝ። ያልሆነ እንደሆነ ልምምዱን ለከርሞ ትደግማለህ።»

እናቱ ወይዘሮ ቦጋለች ለምረቃው ጠላ ጌሾ ወቅጣ ጨርሳ ነበር። ከርሞ የሚለውን ቃል ወደ ቤት ይዞ መግባት አቃተው።

ሐሙስ ናስትሆ እጇን ሂና ተቀብታ ከሠርግ ተመልሳ ነበር። ልጆቹ በቡድን ከበቡ፤ ባስልዮስ ከኋላ ተቀመጡ። ዮፍታሔ፣ የጉድጓዱ ውኃ ለምን ነጠፈ ብሎ ጠየቀና፣ ናስትሆ ትንሽ እንድትታገሥ በእጁ ምልክት ሰጣት። ልጆቹ ግን እንደ ማክሰኞው ወደ ናስትሆ ቦታ አልዞሩም፤ መጽሐፋቸውን ገልጠው፣ አንብቡ የሚለውን ቃል ከአፉ ይጠብቃሉ። ዴቅ ጣቱን በመጀመሪያው መስመር ላይ አድርጎ ትንፋሹን ስቧል።

ባስልዮስ ሰዓታቸውን አዩ።

«ናስትሆ፣ ንገሪን» አለ ዮፍታሔ።

ተነሥታ ተናገረች፤ ያማረ፣ የተሟላ መልስ ነበር። አምስቱ ጓደኞቿ ራሳቸውን ነቀነቁ። ባስልዮስ ፊታቸው ፈክቶ ጻፉ። ዴቅ ጣቱን አነሣና መጽሐፉን ከደነ።

ሁሉም ከወጡ በኋላ ዒጋል በር ላይ ጨበጡት። ማለፉን ሰምተዋል።

«እንግዲህ መምህር ሆንክ» አሉት።

ይቀልዱበት ይሁን ያጽናኑት አልለየለትም። ተመልሶ ሰሌዳውን በንዴት ይጠርግ ጀመር።